የዘበኛው ነጠላ

ሰቆጣ ዳር ካለው የፍሳሽ ማጣሪያ በታች ልብስ የሚያጥብ ሰው የለም፤ ከማጣሪያው ሽማግሌ ዘበኛ በቀር። የተጣራው ውሃ ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ዓርብ ዓርብ ይወርዱና፣ ፊሽካቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ እያንጎራጎሩ ነጠላቸውን ያጥባሉ። የፍሳሽ መኪና የሚነዳው መልአኩ አንድ ቀን አያቸውና፣ «አባቴ፣ ሌላ ውሃ አጡ?» አላቸው።

«ካላመንሁትማ ምኑን ጠበቅሁት?» አሉ፣ ነጠላውን ፀሐይ ላይ እያሰጡ።

እሑድ ሽማግሌውና መልአኩ ከቅዳሴ ሲወጡ አንዲት እናት የነጠላውን ጫፍ ዳሰስ አድርገው፣ «በምን ቢያጥቡት ነው እንዲህ የነጣ?» ብለው ጠየቋቸው።

«በወንዝ ውሃ» አሉ ሽማግሌው፣ ፈጠን ብለው።

መልአኩ ሳቁን አፍኖ ቀና ሲል፣ ሽማግሌው የእሱን የወየበ ነጠላ ትክ ብለው እያዩ ነበር።

«ዓርብ ያንተንም ይዘህ ና» አሉት።