ጥማዱ የተፈታ ዕለት

በርጩማዋን የሠራልን አናጢ ነው፤ ያውም እንድትሰበር አድርጎ። እግሮቿን በመጋዝ እስከ ግማሽ ቆርጦ፣ ቁርጡን በሙጫና በሰጋቱራ ደፍኖ፣ ቡናማ ቀለም ቀብቶ ሲሰጠኝ፣ "ሰው እንዳይቀመጥባት አደራ" አለኝ። አደራውን ጠብቄአለሁ፤ ማንም አልተቀመጠባትም። የጓደኛዬ ጀርባ ላይ ነው የሰበርኳት። በዚያች እንጨት ሰበብ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ በሽማግሌ ፊት ተንበርክኬአለሁ፤ እስከ ዛሬም ቡሬ ገበያ ስገባ "ያ ከኋላ መቺው መጣ" የሚሉ አሉ። ይበሉ! እኔ ስናደድ የምመታው በአፌ ነው እንጂ፣ በእጄስ አንድ ሰው በንዴት መትቼ አላውቅም።

ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም እህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበርን። ባጃጅ ገና ወደ ከተማው መግባት የጀመረበት፣ ባለጋሪዎቹ "እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው" እያሉ የሚራገሙበት ጊዜ ነው። ቀን የበቆሎ ኩንታል ስንሸከም ውለን፣ ከሥራ ስንወጣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ቪዲዮ ቤት እንገባለን። ሬስሊንግ ያየነው እዚያ ነው። በተለይ ሁለት ሁለት ሆነው የሚታገሉት ልባችንን ወሰዱት። አንዱ ሲደክመው እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን እጅ ይነካል፤ ያኔ ጓደኛው ገመዱን ዘልሎ ይገባለታል። እጅ ሳይነካ መግባት የለም። ጓደኛዬ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ነው የሚያየው፤ ከኋላ ያሉት "ኧረ አንተ ግድግዳ፣ ተቀመጥልን!" እያሉ ይጮኹበታል።

"ይኼ እኮ የኛ ሥራ ነው" አለኝ አንድ ቀን ስንወጣ። "ኩንታል መወርወርና ሰው መወርወር ምን ይለያቸዋል?"

"ኩንታል አይሳደብም" አልኩት።

ሳቀ፤ በማግስቱ ግን መጋዘኑ ጓሮ ጭድ አንጥፎ ጠበቀኝ። በኛ አገር ትግል ጀርባው መሬት የነካ ሰው ተዋርዷል፤ እኛ መጀመሪያ የተማርነው ግን መውደቅን ነው። ጎናችን እስኪላጥ ወደቅን። ምልክትም አበጀን። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እጁን ይዞ ሁለቴ ጨመቅ ያደርገዋል፤ "ደህና ነህ ወይ?" ማለት ነው። የወደቀው ደህና ከሆነ አንዴ ጨመቅ አድርጎ ይመልሳል። መልስ ካልመጣ በእውነት ተጎድቷልና ጨዋታው ወዲያው ይቁም። ይህን ደንብ ያወጣው እሱ ነው፤ እኔ ለወሬ እንጂ ለደንብ የሚሆን ጭንቅላት የለኝም።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ከታቦቱ መልስ ሜዳ ላይ ወጣን። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን! በገበያ ቀን ከከብት ተራው አጠገብ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለን፣ ገመድ ወጥረን፣ ጭዱ ላይ ሸራ እናነጥፋለን። ተጋጣሚዎቻችን ያው የመጋዘኑ ልጆች ናቸው፤ ተራ ገብተው ይሸነፉልናል። ሕዝቡ ራሱ "ጥማድ" ብሎ ስም አወጣልን፣ እንደ ሁለት የእርሻ በሬ አንለያይም ነበርና። ቡሬም ጠራችን። ወደዚያ የምንሄደው በርበሬ በጫነ አይሱዙ ከማዳበሪያው ላይ ተቀምጠን ስለሆነ፣ ሜዳ ስንገባ ዓይናችን ፍም መስሎ፣ አፍንጫችን እየፈሰሰ ነው። ተመልካቹ "ተመልከት፣ ከቁጣ ብዛት ዓይናቸው ደም ለብሷል!" ይላል። ምን ቁጣ አለ፤ በርበሬ ነው እንጂ!

ከተሜው ስምምነት እንዳለበት ይጠረጥራል፣ አይቶ ይስቃል። ገጠሬው ግን ሁሉንም እውነት ብሎ ነው የሚያየው። እኛም ዝም አልን። መከበሩ ጣመና።

ጓደኛዬ ከቡሬ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደደ። አባቷ በሬም ጠመንጃም የሚያውቁ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ከላክን በኋላ እኔን ይዞ ቤታቸው ሄደ። አባትየው ጠላ አስቀድተው፣ ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ "ልጄን የምሰጠው ለሚጥል እንጂ ለሚጣል ሰው አይደለም። ይኼ ትግላችሁ የእውነት ነው ወይስ የከተማ ቀልድ?" አሉት።

"ማርያምን! የእውነት ነው፣ አባቴ" አለ።

እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ማርያምን ብሎ ሲምል ፊቴን ወደ ዋንጫዬ መለስኩ፤ ጠላዬን እስከ አተላው ጨለጥኩት። ዝም አይነቅዝም ብዬ። ልጅቷም ተፈቀደች፣ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን ተመልካቹ ቀዘቀዘብን። ሁሌ እኛው እናሸንፋለን፤ ምኑ ያጓጓል? አንድ ቀን ጓደኛዬ ከኩንታል ሥር ሆኖ፣ "አንተ ክዳኝ" አለኝ።

"ምን?"

"ክዳኝ። እጄን ስዘረጋልህ ፊትህን አዙር። ከዚያ በርጩማ አንሥተህ ጀርባዬን በላት። ቪዲዮው ላይ አላየህም? ሕዝቡ ያብዳል። ለፋሲካ እኛው ለእኛው ተጋጥመን፣ መጨረሻ ላይ ተቃቅፈን እንታረቃለን።"

"ጎጃም መሆናችንን ረሳኸው? ከኋላ የመታ ሰው እኮ እዚህ አገር ውሃ አጠጡኝ ብሎ የሚገባበት ቤት የለውም።"

"ፈራህ?" አለ። በቃ፣ ይቺን ቃል ሲናገረኝ አልችልም። እያወቀ ነው የሚናገራት።

ቡሬ ላይ ሆነ። ገበያው ጢም ብሏል፤ ገመዱ ዙሪያ ሰው በሰው ላይ ቆሟል። ሁለቱ የመጋዘን ልጆች ጓደኛዬን መሐል አስገብተው ሲያንገላቱት፣ ተንፏቆ ወደኔ መጣና እጁን ዘረጋ። ሕዝቡ "ንካው! ንካው!" ይላል። ፊቴን አዞርኩ። ከገመዱ ወጣሁ፣ በርጩማዋን አነሣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። ጀርባው ወደኔ ነው፤ እየጠበቀኝ እንደሆነ ከትከሻው አወቅሁ። አወረድኩበት። እንጨቷ እንዳሰብነው ብትንትን አለች፣ እሱም እንደተማርነው አድርጎ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ እጁን ሁለቴ ጨመቅኩት። አንዴ መለሰልኝ።

ጩኸትና ፉጨት ነበር የጠበቅነው። ሜዳው ግን ጭጭ አለ። አንዲት ሴት ብቻ ከሩቅ "ወየው! ወየው!" ስትል ሰማሁ፤ ለሬሳ እንደሚባለው ነው ያለችው።

"ከኋላ!" አለ አንድ ድምፅ።

ቀና ብል አማቱ፣ የልጅቷ አባት ናቸው። በርበሬ ሊሸጡ መጥተዋል፤ እንደሚመጡ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ጋቢያቸውን ጣሉና ዱላቸውን ይዘው ገመዱን ተሻገሩ። ሁለት የወንድማቸው ልጆች ተከተሏቸው፤ አንዱ ጠመንጃ አለው።

"አባቴ፣ ጨዋታ ነው! ተስማምተን ነው!" አልኩ።

"ሰው ከኋላ መትቶ ጨዋታ? አንተ ወራዳ!"

መሬት ወደተኛው ጓደኛዬ ዞርኩ። ብድግ ቢል፣ አንዲት ቃል ቢናገር አበቃ። አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። አማቱን አየ። መልሶ ከደነ።

ዱላው ትከሻዬን ሲያገኘኝ አንድ ምልሻ በአንገትጌዬ ጎትቶ አወጣኝ፣ እያሮጠ ወስዶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስገባኝና ቆለፈብኝ። "ማስረጃ ነው" ብሎ ከሜዳው ያነሣትን የበርጩማ እግርም ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። "ልጆቹ መንገዱን ይዘውታል። ካለ ሽማግሌ ከዚህ ብትወጣ ደምህ በራስህ" አለኝ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ምናለ! ታናሽ ወንድሜ በዚያው መንገድ እየተመላለሰ ነው የሚያርሰው። እኔን ቢያጡ እሱን እንደሚፈልጉ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ፣ አንድ ለአምስት ስለመደራጀት የሚያወራ ወረቀት በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ የበሩን ድምፅ ጠበቅሁ። ይመጣል፣ አሁን ይመጣል፣ ይነግራቸዋል እላለሁ። እሱ ግን አማቱ ቤት አልጋ ተነጥፎለት ተኝቷል አሉኝ፤ ተልባ እያጠጡት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር። ሦስት ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ አንድ ቄስ ናቸው። ከመውጣቴ በፊት የበርጩማዋን እግር ከጠረጴዛው አንሥቼ በጋቢዬ ውስጥ ደበቅኳት። የመጋዙ ቁርጥ ልስልስ ብሎ ይታያል፣ ሙጫውም ሰጋቱራውም አለበት። ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ምልሻው ግን ገልብጦ እንኳ አላያትም። ጓደኛዬ መጣ፣ ደህናውን ጭንቅላቱን በነጠላ ጠምጥሞ። ያውም የመታሁት ጀርባውን ነው! ያን ሳይ ሳቅም ንዴትም ባንድ ላይ መጡብኝ።

"ልጄ፣ ምን በድሎህ ነው?" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

"ምንም አልበደለኝም፣ አባቴ። ተስማምተን ያደረግነው ነው። ሐሳቡም የራሱ ነው። እርሱ ራሱ ይጠየቅልኝ።"

ወደሱ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ? የሚለው እውነት ነው?"

አማቱ ከፊት ለፊቱ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። እነዚያ ሁለቱ ልጆች ከኋላቸው ቆመዋል። ልጅቷ ከሴቶቹ ጋር ከግንቡ ዘንድ ናት፣ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። የጠመጠመውን ነጠላ አስተካከለ። ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ንገራቸው እንጂ ወንድሜ" አልኩት።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አለ መሬቱን እያየ። "የመታኝ ከኋላዬ ነው። ምን አይቼ?"

እጄ በጋቢዬ ውስጥ እንጨቷን ጨበጠች። ማውጣት ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ጣል ማድረግ። እውነቱ ይወጣል፣ እኔ ነፃ እሆናለሁ፣ ወንድሜም እርሻው በሰላም ይሄዳል። ግን እሱስ? በማርያም ስም በሐሰት የማለ፣ አሁን ደግሞ መስቀል ፊት የዋሸ ሰው ይሆናል። አማቱ የተሞኙት በአደባባይ ነው፤ ያ ለኔ የተዘጋጀ ጠመንጃ ወደማን እንደሚዞር አውቀዋለሁ። ደግሞም ሲምል ከጎኑ ተቀምጬ ጠላዬን የጨለጥኩት እኔው ነኝ። ይህ ትዝ ባይለኝ ኖሮ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አወጣት ነበር።

እንጨቷን ለቀቅኳት። እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ሰይጣን አሳሳተኝ። ማሩኝ።"

ድንጋይ መጣ። የበቆሎ ኩንታል እየተሸከመ ለኖረ ሰው ምንም የማይከብድ ድንጋይ ነው። አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከዛፉ ሥር እስከ አማቱ እግር በጉልበቴ ሄድኩ። ሴቶቹ "ኤዲያ!" ሲሉ፣ ልጆች ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። አማቱ፣ "የተበደለው እሱ ነው፤ እሱ ያንሣለት" አሉ። ቄሱም መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሁለታችን አብረንም ሆነ ተጋጥመን ትግል ሜዳ እንዳንገባ ገዘቱን። እንዲህ አድርገው በእርቅ ጥማዱን ፈቱት። ማንም ልብ አላለውም፤ ሁሉም የእርቁን እልልታ ነው የሚጠብቀው።

የጓደኛዬ እግር ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ጫማውን አውቀዋለሁ፤ ያችን የጎን ስፌት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። "እግዜር ይማርህ" አለ ለሕዝቡ በሚሰማ ድምፅ፣ ድንጋዩን ከአንገቴ አንሥቶ ወደ ጎን ጣለው። እጄን ይዞ አቆመኝ። እልልታው ቀለጠ። ጉንጬን በግራም በቀኝም ሲስመኝ እጄን አልለቀቀም፤ ከነጠላው ሥር፣ ሰው በማያይበት፣ ሁለቴ ጨመቅ አደረገኝ።

ጣቶቼን አላንቀሳቀስኩም።

ትንሽ ጠበቀ። ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ቆመ። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፣ መልስ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። እንደገና ጨመቀኝ፤ አሁን ጠበቅ አድርጎ። እጄን አስለቅቄ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣሁና የፍኖተ ሰላምን መንገድ ያዝኩ።