ለድመቷ የሚነገር ነገር

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ኢንዳይሬክትሊ» የሚል ረዥም ቃል ጻፉ። አንድን ነገር በቀጥታ ሳይሆን ዞር ብሎ፣ በሌላ በኩል ማድረግ ነው ብለው አስረዱንና ምሳሌ ጠየቁን። ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ብድግ አለ።

«ሌባው ኢንዳይሬክትሊ ገባ፤ በመስኮት።»

«እሱማ ቀጥ ብሎ ነው የገባው፤ በሩን ብቻ ነው የተወው!» አሉ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «እናቴ አባቴን የምታናግረው ኢንዳይሬክትሊ ነው። ለድመቷ ትነግራታለች።»

መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ሳቁና «ይኸው ገባት!» አሉ። እኔ ግን የእውነቴን ነበር። ቀራንዮ ባለው ቤታችን እማዬ ከአባባ የምትፈልገውን ነገር ፊት ለፊት ጠይቃ አታውቅም። ጣሪያው ሲያፈስ፣ «አንቺ ድመት፣ ዛሬም ስትርሺ ልታድሪ ነው?» ትላለች። አባባ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጋዜጣቸውን ያነባሉ። በማግስቱ ቆርቆሮ አሸክመው ይመጣሉ። ጠያቂም ታዛዥም የለም፤ ጣሪያው ግን ይጠገናል።

ያን ሰሞን ተራው የእኔ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ከጦር ኃይሎች ወዲያ ነው፣ በአውቶቡስ የሚኬድ። ሴት ልጅ ብቻዋን አውቶቡስ ትሳፈራለች የሚለው ነገር ደግሞ ለአባባ አልዋጥ ብሏቸዋል። «እናያለን» እያሉ ነገሩን ያሳድሩታል። እማዬ ማታ ማታ ድመቷን እየደባበሰች፣ «ይቺ ልጅ እንግዲህ ከእኔና ከአንቺ ጋር ምድጃ ልትሞቅ ነው። ያን ሁሉ እንግሊዝኛ አንቺን ታስተምርሽ!» ትላለች። ጋዜጣው ገለጥ ይላል።

ያን ቀን ተሞግሼ ስለመጣሁ አፌ አላርፍ አለኝ። እራት ላይ እማዬ ገና «አንቺ ድመት» ከማለቷ፣

«አባባ፣ ለእርስዎ እኮ ነው! ኢንዳይሬክትሊ ይባላል» አልኩ።

እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ያን ሁሉ ዘመን እሷ ባሏን ስትጎነትል፣ እሳቸውም እያወቁ ያላወቁ ሲመስሉ መኖራቸውን ገበታ ላይ ዘረገፍኩት። ማን ከዚህ በኋላ እሺ ይላል? ዘጠነኛ ክፍል ሲያመልጠኝ ታየኝ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ወደ ድመቷ ጎንበስ አሉ።

«ስሚ እንጂ አንቺ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ጦር ኃይሎች ድረስ ለሥራ እሄድ የለም? አብሮኝ የሚሳፈር ሰው ቢኖር፣ ስወርድ ለቲኬት ቆራጩ አደራ እለዋለሁ፤ የማውቀው ነው። ለሚመለከተው ንገሪ።»

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «እግዜር ይስጥልን በያቸው» አለች፣ ለድመቷ።

እኔ ግን አልቻልኩም፤ ተነስቼ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«ኧረ ተነሺ!» አሉኝ፣ ሳቃቸውን ለመዋጥ እየታገሉ። «እኔ ምን አደረግኩ? እሷን ሳሚ።»

ሳምኳት። ቧጨረችኝ።