ሊቀመንበሩን «ያሳዩኝ» ያልኩበት እሑድ

ፖከር የተማርኩት ወንድሜ በቀበሌያችን ታስሮ በነበረበት ዓመት ነው። እስር ቤቱ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ የነበረ የድሮ የእህል መጋዘን ሲሆን ከቀበሌው አዳራሽ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ቀይ ሽብር ጋብ ብሎ ነበር፤ የታሰሩት ግን ገና አልተፈቱም። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። በየጠዋቱ የወንድሜን ምግብ ለጥበቃው አስረክቤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ እንላለን።

ቀበሌው በአዳራሹ የመዝናኛ ክበብ ሲከፍት፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ፖከር ይወድ ስለነበር እሑድ ከሰዓት የካርታ ውድድር ተጀመረ። ቁማር ስለተከለከለ የምንጫወተው በጠርሙስ ቆርኪ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ስድስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አርባ ቆርኪ። ቆርኪው ያለቀበት ይነሳል፤ ሰው ሲሳሳ ጠረጴዛዎቹ ይጠቃለላሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ይቀራል። አምስት ካርታ ይታደላል፣ የማይፈልጉትን አንዴ ይቀይራሉ፣ ከዚያ ፉክክር ነው። አንዱ ቆርኪ ሲገፋ ሌላው ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ ወይ ያንኑ ያህል ገፍቶ «አሳየኝ» ይላል። ንጉሡን ካርታ «ጺማሙ» ነበር የምንለው። በዚያ አዳራሽ ንጉሥ ማለት የሚያስጠይቅ ይመስለን ነበር።

በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ቀድመው ከሚነሱት አንዱ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ሽማግሌ ጠሩኝ። በጉብዝናቸው ጊዜ ፒያሳ በነበረ የፈረንጆች ክበብ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ዓመት ሠርተዋል፤ ጨዋታውን የተማሩት ቆመው እያዩ ነው። እኔ ካርታ በታደለኝ ቁጥር እንደምጫወት፣ ይህም ሞኝነት እንደሆነ ነገሩኝ። «በመጀመሪያው ጠረጴዛ የሚሸነፍ እንጂ የሚያሸንፍ የለም» አሉ። ከአምስት እደላ አራቱን ሳልጫወት እንድጥል፣ ጠረጴዛ ስቀይር መጀመሪያ ሰዎቹን እንዳጠና፣ ቆርኪዬ ሲመነምን ደግሞ ሁለትና ሦስት እስኪቀረኝ ሳልጠብቅ፣ ገና የሚያስፈራ ያህል እያለኝ እንድገፋ አስተማሩኝ። በየቅዳሜው ከሰዓት እሳቸው ቤት በዝግ መስኮት ስንለማመድ ከረምን። ሦስተኛው ጠረጴዛ ድረስ፣ ከዚያ መጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ መዝለቅ ጀመርኩ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላላትም። ያን እሑድ ልወጣ ስል በሩን ይዛ ቆመች። «ከሊቀመንበሩ ጋር ከተገናኘህ ተሸነፍለት» አለችኝ፤ «ልጄ በእጁ ነው።» ይህንኑ ለሽማግሌው ስነግራቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ሆን ተብሎ ሲለቀቅለት እንደሚያውቅ፣ ሲያውቅ ደግሞ እንደ ስድብ እንደሚቆጥረው ነገሩኝ። የትኛው እውነት እንደሆነ ሳይገባኝ ሄድኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ቀረን፤ እኔና ሊቀመንበሩ። ሃያ ሁለቱ ተሸናፊዎች ከበውናል። ጀርባዬ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ነው። ሊቀመንበሩን ለሳምንታት አጥንቼው ነበር። ደህና ካርታ ሲይዝ ቀስ ብሎ፣ ጥቂት ጥቂት ነው የሚገፋው። ባዶ እጁን ሲሆን ቆርኪውን በአንዴ ጠርጎ ወደ መሐል ይለቀዋል። በቀበሌው ውስጥ እሱን «አሳየኝ» ያለ ሰው ስለሌለ ሁልጊዜ ይሳካለታል፤ እኔ ግን ካርታውን ወደ እሽጉ ሲመልስ ምን ይዞ እንደነበር በጨረፍታ አይ ነበር።

ሦስት ባለ ስምንት ካርታ ደረሰኝ። እሱ ሦስት ካርታ ቀየረ፣ አየት አደረገና ቆርኪውን በሙሉ ገፋው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ካርታዎቹን ልጥላቸው እጄን አነሳሁ። የእናቴ ፊት መጣብኝ። ብጥል ማንም አይፈርድብኝም፤ ሁሉም ይጥሉለት የለ? ግን ካርታዬን ይዤ ቆርኪዬን ወደ መሐል ገፋሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያሳዩኝ።»

አዳራሹ ጭጭ አለ። ካርታዎቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ሁለት ባለ አራት ብቻ ነበረው፤ የእኔ ሦስቱ በለጡት። ተነሳ፣ ጨበጠኝና ወጣ። የሽልማቱን ቴርሞስ ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ አንድ አብዮት ጠባቂ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሊቀመንበሩ ቢሮ ወሰደኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ በሩን ዘጋው። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡና አንድ እሽግ ካርታ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«እንዴት አወቅህ?» አለኝ።

መዋሸት አሰብኩ፤ ውሸቱ ግን አልመጣ አለኝ። «ሰው ስለሚፈራዎት ነው» አልኩት። «ማንም ያሳዩኝ ስለማይልዎት በባዶ እጅ መግፋት ለምደዋል።»

ካርታውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «በውዝ» አለኝ።

ለስድስት ሳምንት በየሰኞው አስተማርኩት። ካርታ መጣል ግን ጨርሶ አልሆነለትም። አራተኛው ሰኞ ላይ ድፍረቴን ሰብስቤ የወንድሜን ጉዳይ አነሳሁ። ጨዋታና ሥራ እንዳልቀላቅል በዝግታ ነገረኝ፤ እኔም ሁለተኛ አላነሳሁም። በሰባተኛው ሰኞ ብሄድ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የት እንደተዛወረ የነገረኝ የለም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ በወሩ ከሌሎች ዘጠኝ ልጆች ጋር ተፈታ። ስሙን ማን ዝርዝሩ ውስጥ እንዳስገባው፣ የድሮው ሊቀመንበር ይሁን አዲሱ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ጸሎቷ እንደሆነ ታምናለች፤ አልተከራከርኳትም። ወንድሜ ያን እሑድ ከግድግዳው ወዲያ የአዳራሹ ጫጫታ ድንገት ሲቋረጥ ጆሮውን ለጥፎ ማዳመጡን ነገረኝ። ሰው ሊገድሉ ነው ብለው ከጓደኞቹ ጋር እስኪመሽ ቁጭ ብለው ተኩስ ሲጠብቁ ነበር።