ሳልጠይቃት የላክሁት ቪዲዮ

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። አዲስ አበባ ለሚሠራ ተከታታይ ድራማ ተዋንያን ይፈለጋሉ፤ የሦስት ደቂቃ የትወና ናሙና እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ይላክ ይላል። ያኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ከክፍል ስወጣ የእጄን ጠመኔ እንኳ ሳላራግፍ ሠርግ የሚቀርጸው ጎረቤታችን ስቱዲዮ ሄድኩ።

ያለኝን ቪዲዮ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠው። የቤተ ክርስቲያናችን ድራማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፄ ጨርሶ አይሰማም። ስልኬን መስኮት ላይ አስደግፌ ብቻዬን የቀረጽኩት ደግሞ ዜና የማነብ አስመስሎኛል። የቀረው አንድ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የድራማ ክበባችን ገሱባ ከተማ ገበያ ላይ ያሳየው ነው። እኔ አማት ነኝ፤ ምጥ የያዛትን ምራቴን "ኦቶና ሆስፒታል ድረስ ምን ያስኬድሻል? ሁላችንም ቤት ነው የወለድነው" ብዬ እከለክላለሁ። ምራቴ ሆና የምትጫወተው የልብ ጓደኛዬ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ቀሚሴን ይዛ ትለምነኛለች። መሃል ላይ አንዲት ቅቤ ሻጭ ከተመልካቹ ተነስታ "ልቀቂያት አንቺ!" ብላ ስትጮህብኝ ይሰማል። በዚያች ጩኸት ሁልጊዜ እኮራ ነበር።

"ይሄ ነው" አለ ቀራጩ።

"እሱን አልችልም" አልኩት።

ጓደኛዬ አረካ ከተማ ልታገባ ስትል እጄን ይዛ፣ "የባሌ ቤተሰቦች ገበያ መሃል ስንከባለል እንዳያዩኝ፤ ለማንም አታሳዪው" ብላኝ ነበር። ቃል ገብቼላታለሁ።

ፊቷን ቆርጦ ሊያወጣ ሞከረ። እሷ ስትወጣ እኔ ባዶ ቦታ ላይ የምትጮህ እብድ መሰልኩ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ አስር ተኩል ሆኗል።

"ወስኚ እንጂ! ልተወው ላስገባው?" አለኝ።

ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ። እምቢ እንደምትለኝ ስለማውቅ መልሼ አስቀመጥኩት።

"አስገባው" አልኩ።

ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ እየተቋረጠ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሄደልን። ቀራጩ አጨበጨበ።

በሳምንቱ፣ በእረፍት ሰዓት ከድራማው አዘጋጆች ደወሉልኝ። የደወለችው ሴትዮ ትሁት ናት።

"ቪዲዮሽን አይተነዋል፤ እናመሰግናለን። ምራቷን ሆና የተጫወተችውን ልጅ እንዴት እናገኛታለን?"

"አላውቃትም" አልኩ። "ለዚያ ቀን ብቻ ነው የተገናኘነው።"

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አለኝ። ቃሌን ማፍረሴ ሳያንስ ዕድሏንም ደብቄባታለሁ። ደግሞስ በሌላ ሰው በኩል ቢያገኟት? ከባሏ ቤተሰብ አፍ ብትሰማው? ቅዳሜ ጠዋት የአረካ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

የባሏ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ስታየኝ በደስታ ጮኸች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ በወላይትኛ ቪዲዮውን መላኬን ነገርኳት።

"ላክሽው?" አለች። ሜትሯ እጇ ላይ ነው።

"ላክሁት።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ሳልጠይቅሽ።"

እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

"ምን አሉ?"

"አንቺን ነው የፈለጉት። እኔም አላውቃትም አልኳቸው።"

ወደ በሩ ተመለከተች። "ደውዪላቸው" አለችኝና ስልኩን ተቀብላ ድምፁን ከፈተችው። በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየመረጠች ተናገረች።

"ቪዲዮው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሳልፈቅድ ነው የተላከው፤ እባካችሁ አጥፉልኝ። ለሥራውም አልመጣም።"

ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ እንደሚያጠፉትም ነገረቻት። ልትዘጋው ነው ስል ጓደኛዬ ቀጠለች።

"የላከችላችሁን ልጅስ ለምን አልፈለጋችኋትም?"

"ጎበዝ ናት" አለች ሴትዮዋ። "ግን አንቺ ስትለምኛት አትሰማሽም። የራሷ ተራ እስኪደርስ ብቻ ነው የምትጠብቀው።"

ስልኩን መለሰችልኝና የጠቀለለችውን ሜትር መልሳ ፈታችው። በእኔ ተናዳ ይሁን፣ ልቧ ሥራውን ፈልጎ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዲት ገዢ ገባች። ጓደኛዬ ጨርቅ እያወረደች፣ ሳታየኝ፣ "ሚኒባስ እንዳያመልጥሽ" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ቤት ስገባ ቪዲዮውን ከፍቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን አየኋት። ቅቤ ሻጯ የጮኸችው በእኔ ትወና ተገርማ ሳይሆን ለእሷ አዝና ነበር።

አዲስ ናሙና ለመሥራት ወራት ፈጀብኝ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር፣ ፈቃዷን ጠይቄ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀረጽን። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብዬ የምትለውን እሰማለሁ። በዚያ ናሙና ሃዋሳ ላይ የሁለት ቀን የትወና ሥራ አገኘሁ፤ ሁለት መስመር የምትናገር ነርስ ሆኜ።

ጓደኛዬ ከአረካው ቀን ወዲህ ስልኬን አታነሳልኝም ነበር። ሥራውን ባገኘሁበት ቀን ግን አነሳችው። ሥራ ማግኘቴን ነገርኳት።

"እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። ከዚያ ገዢ እንደመጣባት ነግራኝ ዘጋችው።