የእማየ ዳሌና የወንድሞቼ አጥር

ያለፈው እሁድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ደም ፈሰሰ።

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ ይልቃልና ደጉ፣ ሚስት አግብተው እዚያው አንድ ግቢ ይኖራሉ። እማየ መሀላቸው ናት። ተበልቶ ያለቀው የዳሌዋ መገጣጠሚያ በቅርቡ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰው ሠራሽ ተተክቶላታል። ሐኪሙ «ያስገባነው ብረት ጫፍ ላይ ኳስ አለች፤ ጎድጓዳ ውስጥ ነው የምትዞረው። በጣም ካጎነበሱ ሾልካ ትወጣለች። ስግደት የለም፣ በርጩማ ላይ መቀመጥም የለም» ብሏታል። ስለዚህ ረጅም ወንበር አሠራንላት፤ ግቢው መሀል እንደ ዳኛ ትቀመጣለች።

በዚያ እሁድ ይልቃል ለአዲስ አጥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ደጉ ከቤቱ ወጣ።

«ወደ እኔ ገፍተሃል!»

«ያባቴ ቦታ ነው፣ ምን አገባህ?»

«የኔስ አባት ማን ሆነና?»

ደጉ ድንጋይ አንስቶ የይልቃልን ግንባር ፈነከተው። ይልቃል ደሙን በእጁ ጠረገና አየው... የሚቆፍርበትን ዲጅኖ አነሳ። ሚስቶቻቸው ይጮኻሉ። እኔ ወገቡን ይዤ ጎተትሁት፤ በክርኑ ደረቴን መትቶ ጣለኝ። ሊገድለው ነበር እኮ!

እኛ ዘንድ እናት እግር ላይ ከወደቀች ተራምዷት የሚያልፍ ልጅ የለም። እማየም እነዚህን ጉዶች ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው ስትገላግላቸው የኖረችው። ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነው!

«እማየ! በማርያም፣ እንዳታጎነብሺ!» ብየ ጮህሁ።

ማን ሰምቶኝ! ክራንቿን ጥላ መሀላቸው ገባችና ይልቃል እግር ላይ ድፍት አለች። «በጠባኸው ጡቴ፣ ልጄ!»

ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ አጠረ። እማየ እንዲያ ስትጮህ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

ዲጅኖው መሬት ወደቀ። ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ማስገባት አይቻል... ወንድሞቼ ለአዲሱ አጥር የተሠራውን የቆርቆሮ በር አምጥተው ላዩ ላይ አጋደሟት። አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ፣ ደምና እንባቸው እየተቀላቀለ እስከ አስፋልት ተሸከሟት። እኔ ከኋላ እየተከተልሁ እረግማቸዋለሁ።

ከአስፋልቱ በመኪና ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ አደንዝዞ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ የወጣችውን ኳስ በጉልበት ስቦ መለሰላት። ስትነቃ «ምን ሲያደርጉ ወጣች፣ እማማ?» አላት።

«ስሰግድ» አለች እማየ።

ሐኪሙ የይልቃልን የተፈነከተ ግንባር አየት አደረገ። «ሁለተኛ ከወጣች እንደገና መቀደድ ሊመጣ ነው» አለ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ሁለቱ እያየ።

አጥሩ ቀረ። ጠብ ግን መች ይቀራል! ትናንት ደግሞ በቧንቧው ውሃ ተነሡ። ድምፃቸው ከፍ ከፍ ሲል እማየ ከረጅሙ ወንበሯ ትንሽ... ትንሽ ብቻ ጎንበስ አለች።

ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ሮጡ። «ኧረ እማየ! ታርቀናል! ታርቀናል!»

ዲጅኖም እንዲህ አላስፈራቸውም።