ወንድሜ አማቹን ሊያጣራ ፍርድ ቤት የሄደ ቀን

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ወጣት ሊያገባ ሲያስብ ከእጮኛው ቀጥሎ የሚያማክረው ወንድሜን ነው። ታላቄ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ መላክ ደግሞ ነፍሱ ነው። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ክራቫቱን አጥብቆ፣ የልጅቷ አባት ሳሎን መሃል ቆሞ "የመጣነው ለመልካም ነገር ነው" ብሎ ሲጀምር ነገሩ ግማሽ ስብከት ይሆናል። እስከ ዛሬ እምቢ ተብዬ አላውቅም ይላል፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ነው የሚናገረው። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝና በዚህ ነገሩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ባለፈው ዊንተር ግን ሽማግሌዎች ወደ ራሱ ቤት ሲመጡ መላው ጠፋው።

ሦስት ሰዎች ከጎረቤት ከተማ ከክሪስታል መጡ፣ አንድያ ልጁን ሊጠይቁ። የላካቸው ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወላጆቹ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገሩ፣ እንደኛው ጴንጤ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከልጃችን ጋር ሦስት ዓመት አብረው ሲወጡ ሲገቡ ወንድሜ በሚኖርበት በኒው ሆፕ ያለ አበሻ ሁሉ አይቷል። አላየሁም ብሎ የቆየው ወንድሜ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቁጭ ሳይሉ፣ የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ወንድሜም እንደ ወጉ "ሁለት ሳምንት ስጡን፣ እንጸልይበት፣ እናጣራም" ብሎ ሸኛቸው።

በማግስቱ ደወለልኝ። "እንዴት ነው የሚጣራው እዚህ አገር?" አለኝ። ስንቱን ሰው ሲያጋባ የኖረ ሰው ይህን መጠየቁ አስገረመኝ። ለካስ እሱ ሁልጊዜ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም፤ ማጣራቱ የሌላው ወገን ጣጣ ነበር። አገር ቤት ቢሆን የሰፈሩን ሰው፣ ባለሱቁን፣ የዕድር ዳኛውን ትጠይቃለህ። እዚህ ግን ጎረቤቱን ብትጠይቀው የልጁን መኪና ቀለም ይነግርህ ይሆናል እንጂ ስሙን እንኳ አያውቅም።

"ክስ ካለበት የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ አሁኑኑ በስልኬ አየዋለሁ" አልኩት። የምሠራው ግሩፕ ሆም፣ አካል ጉዳተኞች የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ ያለ ባክግራውንድ ቼክ፣ ወንጀል እንዳለበት ሳይጣራ፣ ሰው ስለማይቀጠር ይህን ነገር ለምጄዋለሁ።

"በስልክ?" አለኝ፣ ልክ ልጅቷን በስልክ ልዳራት ያልኩት ይመስል። "የሰው ልጅ ጉዳይ በስልክ አይታይም። ፍርድ ቤት ከሆነ ፍርድ ቤት እንሄዳለን።"

ይህ ሰው አንዴ ካለ አለ ነው። ሥራ የማልገባበትን ቀን ጠብቄ ከሮዝቪል ተነስቼ፣ በዚያ መንገዱን ሁሉ በረዶ ባለበሰበት ጠዋት፣ ድራይቭ አድርጌ ሄጄ ወሰድኩት። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ የሽማግሌ ሙሉ ልብሱን ለብሷል። "ሰርግ ነው እንዴ?" ብዬ ላሾፍበት ፈልጌ ፊቱን ሳየው ተውኩት። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ሄደ። ማን እንደሆነ፣ ስለ ማን እንደሚጠይቅ፣ ለምን እንደሚጠይቅ፣ ጉዳዩ የክፋት ሳይሆን የአባትነት መሆኑን፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ አሰናድቶታል። እንግሊዝኛው ደግሞ ሲጨነቅ ነው የሚያምርለት።

ፍተሻውን አልፈን፣ በሊፍት ወጥተን፣ መዝገብ ክፍሉ መስኮት ጋ ደረስን። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ስትል ወንድሜ ኮፍያውን አወለቀ። "ጉድ ሞርኒንግ ማዳም፣ አይ ኧም ኤ ፋዘር" ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሰማችውና ግድግዳውን ተደግፈው ወደተደረደሩት ኮምፒውተሮች በእጇ አሳየችን። ስምና የልደት ቀን አስገብታችሁ ፈልጉ፣ ማየት በነጻ ነው፣ ኮፒ ከፈለጋችሁ ብቻ ትከፍላላችሁ አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወንድሜ እዚያው ቀረ። "ማን ነህ አላለችኝም እኮ" አለኝ።

"አትልህም፤ ለሁሉም ክፍት ነው።"

"ለምን ፈለግከው እንኳ አትልም?"

"አትልም አልኩህ እኮ፣ ጋሼ።"

ያን ሁሉ የተሰናዳ ንግግር ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ። ኮምፒውተሩን እኔ ያዝኩና የወጣቱን ስም አስገባሁ። ሁለት የፍጥነት ቅጣት ወጣ፤ ሌላ ምንም የለም። ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። "በሃምሳ አምስቱ መንገድ ሰባ ስድስት!" አለ፤ ሰዎች ዞረው አዩን። "ልጄን አስቀምጦ ነው እንዲህ የሚነዳ?"

"ባለፈው የኮስትኮ ገበያ ጋሪ በመኪናህ የገጨኸው ማን ነበር? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አልኩት። መሳቅ ሲገባው አልሳቀም። ስክሪኑን እያየ ድምፁን ቀንሶ "ይሄ ነገር የማንንም ያሳያል?" አለኝ።

"የማንንም።"

"የድሮም ቢሆን?"

"የድሮም ቢሆን" አልኩና፣ ነገር ፈላጊ ስለሆንኩ፣ ለቀልድ የእሱን ስም መጻፍ ጀመርኩ። "ተይው" አለኝ ቀስ ብሎ። ጣቴ ግን ቀድሞት ነበር። የወንድሜ ስም ከነአባቱ ወጣ፣ የልደት ቀኑም ከጎኑ፤ ከሥሩ ድብደባ፣ ጥፋተኛ፣ ይላል። ዓመተ ምሕረቱን ስቆጥር ልጁ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ይህ ሰው ዝንብ እንኳ በወረቀት አፍሶ በመስኮት የሚያስወጣ ሰው ነው። ዞር ስል ግን መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ይጠርገዋል። ሳቄ ጠፋ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ነገረኝ። ታክሲ በሚነዳበት ዘመን ነው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ሌላ ሹፌር ቀደመው፤ ተው ሲለው እናቱን ጠርቶ ሰደበው። የእኛን እናት ማለት ነው፤ ያኔ ካረፈች ወሯ ነበር። አንዴ መታው፣ የሰውየው ከንፈር ተሰነጠቀ፣ ፖሊስ መጣ። ጠበቃው፣ ጥፋተኛ ነኝ ሳትል ጉዳዩ እንዲያልቅልህ እሞክራለሁ፣ ዝም በል ብሎት ነበር። ዳኛው ሲጠይቁት ግን ወንድሜ ቆሞ "የስ ሰር፣ አይ ሂት ሂም" አለ።

"ለምን?" አልኩት።

"መትቼ አልመታሁም ልበል?" አለኝ፣ እስከ ዛሬም ገርሞት።

ቅጣቱን ከፈለ፤ ፓርክ ውስጥ ቅጠል እየጠረገ የታዘዘበትን ሥራ ጨረሰ፤ ለሚስቱ ተጨማሪ ሰዓት ነዳሁ አላት። ከዚያ በኋላ ፋይሉ አገር ቤት እንደምናውቀው ፋይል የሆነ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የቀረ መስሎታል። በእርግጥ አገር ቤት ቢሆን የገዛ ራስህን ፋይል ለማግኘት እንኳ በዘመድ ነው። ማንም መንገደኛ ገብቶ ሊያነበው እንደሚችል ያወቀው ያን ዕለት ነው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አልኩት፣ ላጽናናው ብዬ። ማጽናናት አልችልበትም።

ያስፈራው ፍርድ ቤቱ አልነበረም፤ ልጁ ናት። አንድ ቀን እንኳ ቆንጥጧት አያውቅም። ሚድል ስኩል እያለች አንዷን ልጅ ገፍትራ የተደወለለት ጊዜ፣ "እኛ ቤት እጅ አይነሳም" ብሎ ስንት ቀን እንዳኮረፋት አስታውሳለሁ። በየቤቱ ባልና ሚስት የሚያስታርቀውም በዚሁ ንግግር ነው። "አሁን ይህን ብታይ በምን ዓይኗ ታየኛለች?" አለኝ። 

መኪና ውስጥ ገብተን ማሞቂያውን ከከፈትኩ በኋላ ምክሬን ሰጠሁት። እንዲህ ያለ የቆየ ጥፋት ከሕዝብ ዓይን እንዲዘጋ ማመልከት ይቻላል፤ ወራት ይፈጃል እንጂ ይሆናል፤ እስከዚያው አፍህን ዝጋ። እሱ ደግሞ እስኪዘጋ ድረስ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠውን መልስ ሊያዘገይ አሰበ። እዚህ ላይ ተቆጣሁ። "አንተ ከንፈሩን በሰነጠቅከው ሰውዬ ምክንያት ልጅቷ ሳታገባ ትቀመጥ?" አልኩት። እሱም ተቆጥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲወርድ ግን በሩን ይዞ "አመሰግናለሁ፣ እህቴ" አለኝ፤ ቢቆጣ እንኳ ማመስገን አይረሳም። በጣም የምወደው ለዚህ ነው።

በቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሰዎች መጡና ሳሎን መሃል ቆሙ። ልጃችን እንደ ወጉ ከእናቷ ጋር መኝታ ቤት ናት፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል፤ ማን ያምናታል። እኔ ትሪ ይዤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነኝ። ወንድሜ ተነሳ። "መልሴን ከመስማታችሁ በፊት" ሲል ገባኝ። ትሪውን እግሩ ላይ ልለቅበት ምንም አልቀረኝም።

ሁሉንም ተናገረ። ሰው መምታቱን፣ ፍርድ ቤት መቆሙን፣ ለሚስቱ መዋሸቱን ጭምር። እንዲህ አጭር ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። "ልጃችሁን ላጣራ ሄጄ ያገኘሁት እኔን ነው። ከእንዲህ ያለ አባት ልጅ መውሰድ የማትፈልጉ ከሆነ አልቀየማችሁም" ብሎ ጨረሰ።

ከሦስቱ ትልቁ፣ ነጭ ጢማቸውን የሚዳብሱት አዛውንት፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ነበሩ። አማርኛቸው የኦሮምኛ ለዛ አለው፣ ሲሰሙት ደስ ይላል። "ወንድማችን" አሉት፣ "እኛስ ሳናጣራ የምንመጣ ይመስልዎታል? መጀመሪያ ሳንመጣ አይተነዋል።"

"አይታችሁ ነው የመጣችሁት?" አለ ወንድሜ።

"አይተን ነው። ከሦስታችን በአንዳችን ላይ ከዚያ የባሰ አለ። የማን እንደሆነ አንነግርዎትም፤ ሄደው ማየት ይችላሉ፣ ነጻ ነው።" ከኋላቸው የቆሙት ሁለቱ ወለሉን ማየት ጀመሩ። እኔ ሳቄን ዋጥኩት።

ወንድሜ ግን አልሰማቸውም ማለት ይቻላል። ዓይኑ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ነበር፤ በሩም ተከፈተ። ሙሽራ መልስ ሳይሰጥ አትወጣም፤ እሷ ወጣች። በካልሲ፣ ጸጉሯን እንኳ ሳታበጥር። እናቷ ከኋላ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ አልደረሰችባትም።

"ዳድ" አለችው፣ "ሃይስኩል እያለሁ ሰርች አድርጌው ነበር። ሁላችንም የፓረንቶቻችንን ስም ሰርች እናደርግ ነበር፣ ፎር ፈን።"

ወንድሜ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ።

"ስምህ ነበር። በርዝዴይህም ነበር፣ ጃንዋሪ አንድ። ሌላ ሰው ነው ብዬ ዘጋሁት።"

ይህ እንዴት እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። የተወለደበትን ቀን ሳያውቅ በስደተኛ ካምፕ ያለፈ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተሞልቶለታል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ግማሽ የሚወለደው በአንድ ቀን ነው። የወንድሜ ስም ደግሞ ከነአባቱ በየሰፈሩ አለ። ልጅቷ ብትሳሳት አይፈረድባትም።

ወንድሜ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘው። "ሁሉም የእኔ ሆኖ ሳለ፣ ለምን ሌላ ሰው ነው አልሽ?" አላት።

ጥያቄው ግራ አጋባት። ሽማግሌዎቹን፣ እኔን፣ መልሳ እሱን አየች። "ሰው መታ ይላላ" አለች።

ወንድሜ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ሙሉ ልብስ፣ በእንግዳ ፊት፣ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ትሪውን ይዤ ስለነበር መጥረግ እንኳ አልቻልኩም። ልጅቷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ያንን ቀኝ እጁን ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ ነኝ" አላት።

"እሺ፣ ገባኝ" አለችው። እጁን አልለቀቀችም። ትንሽ ቆይታም "ዳድ፣ ሰዎቹ እስካሁን ቆመዋል፤ ምን ልትላቸው ነው?" አለችው።

በስንቱ ቤት ቆሞ ለሰው ልጅ የተናገረ ሰው ለራሱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁት። እሱ እሷን ብቻ እያየ "እሺ" አለ።