ሙዚቃ ሲለኝ ዘፈን አልኩ

ባለፈው እሑድ ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ሰፈር ባለው ቤታችን ልጄ ሳህን እያጠበች ከስልኳ ሙዚቃ ከፍታ ነበር። በኮምፒውተር የተሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ነው። ዘፋኙ አሁን ይገባል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። «ቃሉስ?» አልኳት። «አባዬ ደግሞ! ይሄ እኮ ቃል የለውም» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እዚሁ ከተማ፣ ካንሳንጋ የሚባል ሰፈር፣ ከአገሬ ልጅ ከናሆም ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ብቻውን፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። ያኔ ካምፓላ መብራት አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣ ናሆምን ማናገር አይታሰብም። አገር ቤት ሳለ፣ ልጇ በወታደር ጥይት የሞተባት ጎረቤቱ ስታለቅስ ድምጿን ቀድቶ ከዜማው ጋር አዋህዶት ነበር። የቀዳበት ሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ናሆም ተያዘ፤ ታሰረ፤ ተደበደበ። ሲፈታ ሸሽቶ መጣ።

እኔ የስደተኞችን ጉዳይ በሚያይ ቢሮ አስተርጓሚ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። የናሆም ጉዳይ እኔ ላይ ደረሰ። አብረን እንደምንኖር ለማንም አልተነፈስንም፤ ከማያውቀው ሰው እኔ እሻለዋለሁ ብለን።

በመጀመሪያው የቃለ መጠይቅ ቀን «በሙዚቃዬ ታሰርኩ» አለ። እኔ በእንግሊዝኛ «ዘፈን ዘፍኜ ታሰርኩ» አልኩለት። እንዲያውም አሳመርኩለት ብዬ ኮርቻለሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተጠራነው ዝናቡ ሲያካፋ በዋለበት ቀን ነው። ጠያቂዋ ሴትዮ ናሆም ይዞት የመጣውን ሲዲ እስከ መጨረሻው ሰማች። ዜማው፣ ከሥሩ የእናትየዋ ሲቃ፣ ሌላ ምንም የለም። «ግጥሙ የታለ? ዘፈንኩ ብለህ ነበር» አለችው። እንደማያገባው ሰው ተረጎምኩለት።

ናሆም ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ዘፈንኩ ብዬሃለሁ እንዴ?»

«ምን አለ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ሥራዬን አሰብኩ፤ ገና ያላለቀውን የራሴን የስደተኝነት ወረቀት አሰብኩ። «በደንብ አላስታውስም ይላል» አልኳት።

እንግሊዝኛው ደካማ ቢሆንም ያቺ ያልኳት ነገር አልጠፋችውም። ከዚያ በኋላ አቀርቅሮ የሲዲውን ባዶ ሽፋን ያገላብጥ ጀመር።

ስንወጣ መንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን ጥቅል ቂጣ ገዛ። ቻፓቲውን ከነእንቁላሉ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። «ነገ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኩት። ነገ ሆነ፤ አልሄድኩም። በሳምንቱ ለመነኝ። «በእናትህ፣ አንዴ ብቻ ንገራት። ሌላ ማን አለኝ?» እሺ አልኩት፤ ያኔም አልሄድኩም። በየቀኑ ቢሮ እየገባሁ፣ በሯ አጠገብ እያለፍኩ አልነገርኳትም።

ጉዳዩ «ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል» ተብሎ ውድቅ ሆነ። ናሆም ልብሱን በፌስታል አድርጎ፣ ወደ ሱዳን ድንበር የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ዛሬም የምኖረው በማስተርጎም ነው፤ ጠንቃቃ ነው ይሉኛል። ያን ቀን የሚፈለግብኝ «ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት ብቻ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ አሳምሬ እችለው ነበር።